ልጃችን ተመልሳለች፤ እባክዎ ማንቂያዎን ያንሱልን

ለከተማው ፖሊስ መምሪያ የሕዝብ ማንቂያ ክፍል ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እናት የገዛ ልጇን እጅ ይዛ መንገድ መሄድ ይፈቀድላት ዘንድ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱልን? ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ የመዝገብ ቤቱ ጤና፣ በተለይም የክብ ማህተሙ ጤና እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን በሕይወት አለን። ስልኮቻችንም በእርስዎ ቸርነት ጠዋትና ማታ እሪ እያሉ እንዳሉ አሉ፤ አንድም ቀን አሟቸው አያውቅም።

ራሴን ላስተዋውቅ። በመምሪያዎ በር ፊት ለፊት፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ዘንጉ በሽቦ በታሰረ ጃንጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፈው ሰውዬ ነኝ። መኪናዎ በገባና በወጣ ቁጥር ብድግ ብዬ እጅ የምነሳው እሱ ማለት ነው። የሰፈር ሰው «ቃለ አጋኖ» ይለኛል፤ ደብዳቤ ስዘጋ ሦስቱን ሳልደረድር እጄ ስለማያርፍ ነው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ግን አንድም አላስገባሁም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

በቁጣ ነው የምጽፍልዎ ብል ደስ ባለኝ ነበር፤ ከቁጣ ጋር ሰው ቀና ብሎ መሄድ ይችላል። እውነቱን ተናገር ካሉኝ ግን የምጽፈው አፍሬ ነው። ይህን የሚያህል ሀፍረት ደግሞ ለብቻ የሚሸከሙት አይደለም፤ ግማሹ የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ሰው ልከው እስኪያስወስዱት ድረስ እኔ ዘንድ በአደራ ተቀምጧል።

ጉዳዩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይደናገር ባጭሩ ልንገር። ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አለቻት። የላይኛዎቹ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ከወለቁ ወዲህ ስሟ ተረስቶ «ወላቄ» ነው የምንላት፤ እሷም በወለቀው በኩል እያፏጨች ትሰድበናለች። ይህችን ልጅ፣ የእህቴን የጓሮ ክፍል ተከራይታ የነበረች አንዲት ሴት ከትምህርት ቤት በር ላይ ወስዳት ጠፋች። ልጅቷ ተገኝታ ቤቷ ገብታለች። የእርስዎ ማንቂያ ግን እስከ ዛሬ በየስልኩ ይጮኻል፤ ልጅቷን ከእናቷ ጋር ያየ ሁሉም እናቲቱን ሌባ ብሎ ይይዛታል። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንቂያውን ያንሱልን። የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው፤ በተራ ቁጥር የማስቀምጠውም ተራ ቁጥር የሌለው ሐዘን እንደማይነበብ ከደጃፍዎ ስለተማርኩ ነው።

አንደኛ፣ የተረኛ መኮንንዎን እርጋታ አመሰግናለሁ። እህቴ የዚያን ዕለት ልጇን ልትቀበል ስትደርስ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «አክስቷ ወሰደቻት እኮ» ሲላት፣ ልጇ ከእኔ ከአጎቷ በቀር ሌላ ዘመድ እንደሌላት የምታውቅ እናት፣ የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ እየሮጠች ጃንጥላዬ ሥር ደረሰች። ይዣት ገባሁ። ተረኛው ሻዩን በማንኪያ እያማሰለ «እህቴ፣ እስቲ መጀመሪያ አረፍ በይ። ልጅ አይደለች እንዴ፣ አንዱ ጎረቤት ቤት ካርቱን ላይ ተተክላ ይሆናል። እስከ ነገ ጠብቂና ካልመጣች ትመጫለሽ» አላት። እንዲህ ያለ እርጋታ በትምህርት የሚገኝ አይመስለኝም፤ የጠፋው የሰው ልጅ ሲሆን ብቻ ከላይ የሚሰጥ ጸጋ ነው።

እህቴ ኡኡ ልትል አፏን ከፈተች። ተረኛው ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ማስታወቂያ ጣቱን ቀስሮ «እዚህ መጮህ ክልክል ነው፤ ሕዝብ ታሸብሪያለሽ» አለ። እኔስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? በዚያ ግቢ በር ላይ የማድር የምውል፣ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ» የሚለኝ የተከበርኩ ሰው ነኝና፣ ነገ ምን ይሉኛል ብዬ፣ ቀለም በነካው እጄ የእህቴን አፍ ግጥም አድርጌ ያዝኩት። ነከሰችኝ። አልለቀቅኳትም። በጆሮዋ «ኧረ ተይ አታዋርጂኝ፣ ሕግ ባለበት ቦታ» እያልኩ አባበልኳት።

የመምሪያዎ የኋላ ግድግዳ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጋር እንደሚዋሰን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ወላቄ በኋላ እንደነገረችን፣ በዚያች ሰዓት ከግድግዳው ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሴትዮዋ ጋር ተቀምጣ ብስኩት ትበላ ነበር፤ አውቶቡሱ ሞልቶባቸው ሌላ ይመጣ እንደሆነ እየጠበቁ ነው። ሴትዮዋ «እናትሽ ከኋላችን እየመጣች ነው» ብላታለችና ልጅቷ ዓይኗን ከመናኸሪያው በር አልነቀለችም። እናቷ አንዲት ጊዜ ብትጮህ ድምጿን ትለየው ነበር። ተረኛዎን አላማውም፤ እሱ የከለከለው በአፉ ነው፤ በእጄ የከለከልኩት እኔ ነኝ። እህቴ እስከ ዛሬ ምሳ ስታቀርብልኝ እጄን አታየውም።

ሁለተኛ፣ መምሪያዎ ለጽሑፍ ያለውን ክብር አደንቃለሁ። «በቃል የቀረበ አቤቱታ አናስተናግድም፤ በማመልከቻ ይምጣ» ሲባል፣ እህቴ እዚያው ወለሉ ላይ ስትቀመጥ፣ እኔ ግን ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ይኸን ስጽፍ ፊቴ እየነደደ ነው። ይኸማ የኔ ሜዳ ነው ብዬ ወረቀቴን አወጣሁና «ክቡርነትዎ በተለመደው አባታዊ ርኅራኄዎ፣ ከታላቅ ትሕትና ጋር እጅ እየነሳሁ የማቀርበውን ይህን አቤቱታ በቀና ልቦና ይመለከቱልኝ ዘንድ» ብዬ ጀመርኩ። የክፍሉ ኃላፊ እያሉ ለመምሪያው ኃላፊ ተጽፏል ተብሎ ተመለሰ፤ ደግሜ ጻፍኩት። ኃላፊው ጉዳዩን የሚመራበትን ቃል የሚጽፍበት ኅዳግ አልተተወም ተብሎ ተመለሰ፤ ደግሜ ጻፍኩት። በየድጋሚው ጭራሽ እያሳመርኩት፣ እያረዘምኩት፣ የልጅቷን ስም ወደ መጨረሻው መስመር እየገፋሁት ሄድኩ። ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ሲመጣ ነው ግርማ የሚኖረው እያልኩ ደንበኞቼን የማስተምረው እኔው ነኝ። ተረኛው አንብቦ ሲጨርስ «አቤት እጅ» አለኝ፤ እኔም እንደ ሙሽራ ዓይኔን ሰበርኩ። የእህቴ ልጅ ጠፍታ እኔ በእጅ ጽሑፌ ተመሰገንኩ፤ ፊቴን የት ላድርገው?

ሦስተኛ፣ «መለያ ምልክት» በሚለው ቦታ ላይ «የላይኛዎቹ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል» ብዬ ብጽፍ፣ ጥርስ ይበቅላልና ቋሚ ምልክት አይደለም ተብሎ ተሰርዟል። ልክ ነው፤ በመምሪያዎ ፍጥነት ብንጠብቃት ኖሮ እንኳን ጥርስ ሽበትም ባበቀለች ነበር።

አራተኛ፣ ወደ ክቡር ማህተሙ ልምጣ። እንደሚያውቁት ከማመልከቻ ጋር ለሚያያዝ ጉርድ ፎቶ ደንቡ አንድ ነው፤ ፎቶው ወረቀቱ ላይ ይለጠፍና፣ ማንም ቀይሮ ሌላ እንዳይለጥፍበት፣ ክብ ማህተሙ ግማሹ በፎቶው ግማሹ በወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ፣ በግቢው ሰው ሁሉ «የማህተም እናት» የሚሏት፣ መሳቢያዋን በአንገቷ ባንጠለጠለችው ቁልፍ ከፍታ፣ ማህተሙን ከጨርቁ ፈትታ፣ እፍ እፍ ብላበት፣ በሁለት እጇ ተጭና አሳረፈችው። ከአክብሮት ብዛት ይሁን ከድካም አላውቅም፣ ሙሉው የልጅቷ ፊት ላይ አረፈ። ከግንባሯ እስከ አገጯ ወይን ጠጅ ክብ ሆነች። ከላይ የተጎነጎነው ፀጉሯ፣ ከታች የደንብ ልብሷ ኮሌታ ብቻ ቀረ።

«እመቤቴ፣ ፊቷ ጠፋ እኮ» ብላት፣ «ማህተም ያረጋግጣል እንጂ አያጠፋም ጋሼ፤ እርስዎ ይኸ ጠፍቶዎት ነው?» አለችኝ። እህቴ ከጉያዋ ሌላ ንጹሕ ፎቶ አውጥታ ዘረጋችላት። ማህተም ያረፈበት ሰነድ አይቀየርም፤ ይቀየርልኝ የሚል ካለ በማመልከቻ ይጠይቅ ተባለ። እኔም፣ ጉድ እኮ ነኝ፣ ተቀምጬ ጻፍኩ። የፎቶ ይታረምልኝ ማመልከቻዬን ከንጹሕ ፎቶው ጋር አስገብቼ፣ ገቢ መደረጉን የሚያሳይ ቁጥር ተቀብዬ፣ እጅ ነስቼ ወጣሁ።

አምስተኛ ላይ ነን መሰለኝ። ማንቂያው ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በማግስቱ፣ ልጅቷን የያዘው የማለዳ አውቶቡስ ከተማውን ለቆ ሜዳ ሜዳውን ሲገሰግስ፣ የአገሩ ስልክ በሙሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። የዚያ ድምፅ ብርታት ግሩም ነው፤ ሾፌሩ ጎማ የፈነዳ መስሎት ዳር ይዞ ቆመ አሉ። ረዳቱ ስልኩን አወጣና ተሳፋሪው እንዲሰማ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ማንቂያውን ያዘጋጀው ባለሙያዎ ምንም ሳይጨምር ምንም ሳይቀንስ ከማመልከቻዬ ቃል በቃል ገልብጦታልና፣ ረዳቱ ያነበበው «ክቡርነትዎ በተለመደው አባታዊ ርኅራኄዎ፣ ከታላቅ ትሕትና ጋር እጅ እየነሳሁ» የሚለውን ነው። እዚያ ላይ ሲደርስ «ምንድነው ይሄ፣ ሰውዬው ማመልከቻውን ተሳስቶ ለኛ ላከው እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ተሳፋሪውም አብሮት ሳቀ። ስሟ የነበረው መጨረሻው መስመር ላይ ነው። እዚያ ድረስ የሚወርድ ትንፋሽ ማን አለው? ከዚያን ቀን ወዲህ ቃለ አጋኖም ሆነ «እጅ እየነሳሁ» የሚል ነገር ለማንም ጽፌ አላውቅም፤ ገበያዬም ቀንሷል።

ረዳቱ ግን ደግ ሰው ነው። እያነከሰ (እግሩን ያመዋል አለች ወላቄ) ወንበር ለወንበር እየዞረ ያንኑ ማህተም ያረፈበትን ፎቶ ለሁሉም አሳየ። ለሴትዮዋ አሳያት፤ እሷም «የማን ምስኪን ትሆን» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ለወላቄም አሳያት። ልጅቷ ከተገኘች በኋላ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ መጀመሪያ የነገረችኝ ይኸንን ነው፤ «ጋሼ፣ እንደኔ ዩኒፎርም ያላት ልጅ ጠፍታለች አሉ። ፊት የላትም። በጣም አሳዘነችኝ።» እኔ ወጥቼ ከሽንት ቤቱ ጀርባ አለቀስኩ። እርስዎም ከፈለጉ ቦታው ሰፊ ነው።

ስለ መገኘቷ የሰጡትን መግለጫ በሬዲዮ ሰምተነዋል፤ ቁጥር ልስጠው፣ ስድስተኛ ይሁን። «መምሪያው ከኅብረተሰቡ ጋር ባደረገው የተቀናጀ ጥረት» ብለዋል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ይኸን። የተቀናጀው ጥረት አንዲት ናት፤ አውቶቡሱ የደረሰበት ከተማ መናኸሪያ ጥግ ላይ በፔርሙስ ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት። ስልኳ አሮጌ ነው፣ ማንቂያ አይቀበልም፣ ስለዚህ የምታየው ፊት ለፊቷ ያለውን ሰው ነበር። ያለ ቦርሳ፣ ያለ ሹራብ፣ በትምህርት ቤት ልብስ፣ አፍንጫዋን የምትስብ ልጅ አየችና «የማን ልጅ ነሽ አንቺ? እናትሽስ?» አለቻት። ወላቄ እናቷ ፀጉሯን በሠራቻት ቁጥር እያስደገመች ያስጠናቻትን ስልክ ቁጥር ሳታቋርጥ ወረደችው። ሻይ ሻጯ መደወል ስትጀምር ሴትዮዋ እግሬ አውጪኝ ብላ ሕዝብ ውስጥ ገባች፤ እስከ ዛሬ አልተያዘችም። ለየትኛው ቤት ሠራተኛ አድርጋ ልትሰጣት እንደነበርም የጠየቀ የለም። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ልጅቷ ተገኝታለች ተብሎ ተዘግቷል፤ ለማንቂያው ግን ይኸንን የነገረው የለም።

አሁን ወደ ትልቁ ውለታዎ ልድረስ። ያ የፎቶ ይታረምልኝ ማመልከቻዬ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከባለል፣ ሲመራ፣ ሲመለስ፣ እንደገና ሲመራ ቆይቶ፣ ልጅቷ ቤቷ ገብታ፣ ታማ፣ ድና፣ ትምህርት ቤት መሄድ ስትጀምር ጸደቀልኝ። አዲስ ማንቂያ ወጣ። ውብ ነው፤ ከልቤ ነው የምለው። ፊቷ ፍንትው ብሎ ይታያል፣ የወለቁት ጥርሶቿ ሳይቀሩ። ጽሑፉም አጭር፣ ቁርጥ ያለ ነው፤ «ይህችን ልጅ ከአንዲት ሴት ጋር ካዩ ሴትዮዋን ይዘው ለፖሊስ ያሳውቁ።» ያን ዕለት እንዲህ ያለ ነገር ብናገኝ ኖሮ ረዳቱ ከወንበሩ ሳይነሳ ያውቃት ነበር።

ሕዝቡም ታዛዥ ነው፤ አያሳፍርዎትም። መጀመሪያ ዳቦ ቤት ውስጥ አንድ ጎልማሳ የእህቴን የእጅ አንጓ ጨብጦ «ሌባ ይዣለሁ» አለ። ቀጥሎ ሚኒባስ ውስጥ፣ አንዲት የእናቴ ቢጤ ሴት ወላቄን ከእናቷ ጉያ መንጭቃ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ተርፈሻል» እያለች አቀፈቻት፤ ልጅቷ «እማዬ» እያለች ስትንፈራገጥ «አስፈራርታት ነው እንጂ» ተባለ፤ እህቴ በጥፊ ተመታች። የመታት ሰው መጥፎ ሰው አይደለም። የእኛ ልጅ ስትወሰድ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አጥተን ነው እኮ። ሁለቱንም ጊዜ ጣቢያዎ ተወስዳ፣ የገዛ ልጇ እናት መሆኗን አስረድታ፣ ማታ ላይ ተለቃለች።

ማንቂያውን እናስነሳ ብለን ስንመጣ፣ የሚያወጣ ክፍል እንጂ የሚያነሳ ክፍል ገና እንዳልተዋቀረ ተነገረን። ለጊዜው ግን መዝገብ ቤት ትብብር እንደሚያደርግ ተገልጾልን፣ የማህተም እናት ፋይሉን አውጥታ፣ የተመለሰችው ልጅ የጠፋችው ልጅ መሆኗን ለማረጋገጥ ወላቄን ጠረጴዛው አጠገብ አቁማ ከዋናው ፎቶ ጋር አስተያየቻት። ዋናው ፎቶ የቱ እንደሆነ ያውቃሉ። ንጹሑ የሚገኘው ማንቂያ ክፍል ነው፤ እሱ ደግሞ ማህተም ስላላረፈበት ማስረጃ አይሆንም። ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ፣ አውልቃ፣ ፎቶውን አዙራ፣ ልጅቷን አዙራ አይታ በመጨረሻ «ፀጉሩ ይመስላል። ፊቱን ግን እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ ኃላፊነት አለብኝ» አለች። ወላቄ ያን ፎቶ ያን ጊዜ ለይታ አየችው። ኮሌታውን አየች፣ የራሷን ኮሌታ ነካች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አሁን ያለንበትን ኑሮ ልንገርዎትና ላብቃ። ማንቂያዎ «ከአንዲት ሴት ጋር» ስለሚል፣ ልጅቷን ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። እናቷ በማዶው የእግረኛ መንገድ፣ እንደማታውቀን ሆና፣ ዓይኗን ሳትነቅል ትከተለናለች። ልጅቷ ቀና ብላ ማዶ ስታያት እህቴ ፊቷን ወደ ሱቁ መስታወት ታዞራለች፤ ሰው እንዳይጠረጥር። ሰሞኑን፣ ሦስታችን ቤት ተቀምጠን እህቴ የደንብ ልብሷን ቁልፍ ስትተክልላት፣ ልጅቷ ድንገት «እማዬ፣ አንቺም ሰርቀሽኝ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። እህቴ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችና ወደ እኔ አየች። ማመልከቻ ጸሐፊው እኔ ነኝ አይደል? መልስ የሚያምርልኝ እኔ ነኝ አይደል? ይኸን ወረቀት አወጣሁ። ለዚህች ጥያቄ የሚሆን መልስ በመምሪያዎ ካለ፣ በማህተም ተደግፎ፣ ፊርማ አርፎበት ይላክልን፤ ልጅቷ ማንበብ ጀምራለች።

ልመናዬ ከላይ እንዳልኩት አንድ ናት፤ ማንቂያውን ያንሱልን። ሴትዮዋ ትያዝልን አላልኩም፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። ይቅርታ እንጠየቅ አላልኩም፤ የለመድነው አይደለም። እናቷ ከማዶ ወደዚህ ትሻገርና እጇን ትያዝ ነው የምለው።

ዘወትር በደጃፍዎ የማይጠፋ፣ መኪናዎ ሲያልፍ ብድግ ማለቱን ከትናንት ጀምሮ የተወ፣ በገዛ እጁ የሚያፍር፣ የእርስዎንም ሀፍረት ያለ ደረሰኝ ጠባቂ፣

አጎቷ ማመልከቻ ጸሐፊው

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት፣ ማህተም ሳያርፍበት እንዲነበብ፤
ለሚመለከተው ሁሉ፤
አይመለከተኝም ለሚለውም።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ አባዝቼ በየግድግዳው ለመለጠፍ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለሁ የሁላችንም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ኮፒ አንሺው ቀና ሳይል «ያቺው ልጅ ናት፣ ገብታለች እኮ» አለ። ሁላችንም እጃችንን ወደ ኪሳችን ሰደን፣ አንድም ሰው ሳያይ፣ አጠፋነው። እኔም አጠፋሁት። አንድን ሕዝብ በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲህ አድርጎ ማሠልጠን ለማንም የሚቻል አይደለምና እንኳን ደስ አለዎት። ቤት ገብቼ ስከፍተው የእኛ ልጅ አይደለችም። ሌላ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው፣ በዚያው በኮፒ ቤቱ ሰፈር ነው የጠፋችው ይላል። እኔ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ሳጠፋ በኮፒ ቤቱ ደጃፍ ማን ማንን ይዞ እንዳለፈ አላየሁም።